ለአጥንቶቹ የሚሆን ውሃ

ለታናሽ ወንድሜ ለኦርቪል፦

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከረምክ? ባለፈው የጻፍክልኝ የትከሻ ሕመም ለቀቀህ ወይስ ከብየዳው ጋር አብሮህ እየዋለ ነው? ባለቤትህ ማርሲስ እንደምን ናት? ሳሏ ተዋት? ልጃችሁ ጁኒስ? በላክህልን ፎቶግራፍ ላይ የጎደሉት ሁለት የፊት ጥርሶቿ በቅለው እንደሆነ እናታችን በየቀኑ ትጠይቀኛለች፤ መልሱን የማውቅ ይመስል። እናንተ ባላችሁበት ዝናቡ እንደማያባራ እሰማለሁ፤ ልብሳችሁ ደረቅ፣ ቤታችሁ ሙቅ፣ ጤናችሁ የተሟላ ይሁን።

እኛ በሕይወት አለን፤ ለዚህም አምላክ ይመስገን። የእናታችን ጉልበት እንደ አየሩ ነው፤ አንድ ቀን ያስኬዳታል፣ አንድ ቀን ያስቀምጣታል። ዓይኗ ግን ዛሬም ያለ መነጽር በመርፌ ክር ያስገባል። አጎታችን ዊልመርም ደኅና ነው፤ አፉ ከእግሩ ቀድሞ እንደሚደርስ አንተ ታውቃለህ። እኔም ደኅና ነኝ። "ደኅና" ስል ስለ ሰውነቴ ብቻ መናገሬ ነው፤ የቀረውን ከዚህ በታች በቅደም ተከተሉ እጽፈዋለሁና ሳትቸኩል አንብበው።

በሴፕቴምበር የጻፍከው ደብዳቤ በፖስታው አውሮፕላን ደርሶናል። ለእናታችን ሦስት ጊዜ አነበብኩላት። በመጪው ኤፕሪል ከመርከብ ጥገናው ሥራ ተሰናብተህ፣ ቤቱን ለቀህ፣ ማርሲንና ጁኒን ይዘህ ጠቅልለህ እንደምትገባ ጽፈሃል። ጁኒም የመጀመሪያ ቢቨሯን፣ ያን ጭራ ሰፊ የውሃ እንስሳ፣ አንተ የመጀመሪያህን በያዝክበት በዝይ ማረፊያ ሐይቅ እንድትይዝ ትፈልጋለህ። ቀጥለህም "እትዬ፣ ሐይቁ እንደ ድሮው ነው ብለሽ ጽፈሽልኝ የለ? እኔም ያንቺን ቃል ይዤ ነው የቆረጥኩት" ብለሃል። ለእናታችን ሳነብላት ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ሦስቱንም ጊዜ ዘልዬዋለሁ። የዛሬው ደብዳቤዬ በሙሉ ስለዚሁ ዐረፍተ ነገር ነው። አስቀድሜ የምለምንህን ልጻፍ፤ ምክንያቱን ካነበብክ በኋላ አንተው ትመዝነዋለህ። ሥራህን አትልቀቅ። ቤትህንም አትልቀቅ።

በስልክ ያልነገርኩህ በሁለት ምክንያት ነው። ስልኩ የተሰቀለው ከእናታችን ወንበር ራስጌ ነው፤ እሷም ይህ ነገር ለአንተ እንዲነገርህ አትፈልግም። ከዚህም በላይ፣ በስልክ ሳወራ እንደምዋሽ ባለፉት ሁለት ዓመታት አረጋግጫለሁ። በጽሑፍ የዋሸሁህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም አሁን የጠቀስኩት ነው።

ነገሩ ይህ ነው፤ ዝይ ማረፊያ ሐይቅ የለም። ከጁን 11 እስከ 15 ባሉት አምስት ቀናት ውስጥ ውሃው ፈስሶ አልቋል። አሁን በቦታው ያለው ጥቁር ጭቃ ነው፤ ዳር ዳሩን አኻያ ማቆጥቆጥ ጀምሯል።

እንዴት እንዳወቅሁ ሳይሆን ከመቼ ጀምሮ እንዳወቅሁ መናገር ይገባኛል። መሥሪያ ቤቴ በዱር እንስሳቱ ጥብቅ ሥፍራ ካሉት ሐይቆች ላይ መለኪያ እንዳኖር ሲያዝዘኝ፣ ከሐይቃችን ሰሜናዊ ዳርቻ ሥር በስድስት ሜትር ጥልቀት አንድ የሙቀት መለኪያ ቀበርኩ። ያን ሐይቅ የያዘው ድንጋይ አልነበረም፤ ሸክላም አልነበረም። ከአያቶቻችን አያቶች በፊት ጀምሮ ያልቀለጠ በረዶ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከዜሮ በታች አንድ ዲግሪ ተኩል አነበብኩ። በአራተኛው ዓመት ስድስት አሥረኛ። በሰባተኛው ዓመት፣ ማለት የዛሬ ሁለት ዓመት በማርች፣ ከዜሮ በታች አንድ አሥረኛ። አንተ "ሐይቁ እንዴት ነው?" ብለህ የጠየቅኸኝ በዚያው ወር ነበር። መለኪያውን አንብቤ በገባሁ በማግስቱ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ "እንደ ድሮው ነው" ብዬ ጻፍኩልህ።

ለመሥሪያ ቤቴ ባቀረብኩት ዘገባ መደምደሚያዬ "እርግጠኛ ለመሆን የተጨማሪ ዓመታት መረጃ ያስፈልጋል" የሚል ነበር። ይህ በሙያዬ ሐሰት አይደለም፤ አንድ መለኪያ አንድ መለኪያ ነው። ነገር ግን ራሴን ስመረምር ብዕሬን የያዘው ሙያዬ ብቻ እንዳልነበረ አየሁ። አንድ ፀደይ፣ አንተ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለህ፣ ከደጃፍ ቆመህ "ነገ የወንዙ በረዶ ይሰበራል!" ብለህ ስትጮህ እናታችን በአኻያ ቅርንጫፍ ከንፈርህን ነካ አደረገችህ። "ዝም! መሬት ትሰማሃለች። ነገ የእሷ ነው፤ አንተን ምን አገባህ?" አለችህ። አንተ አለቀስክ፤ እኔ ግን ተማርኩ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መምህሮቼ "ማስረጃሽ ከሚሸከመው በላይ አትናገሪ" ሲሉኝ አዲስ ትምህርት አልመሰለኝም፤ የእናቴን ቃል በሌላ ልብስ አየሁት። ሁለቱ ሕጎች በአንድነት አፌን ዘጉት። ሁለቱም መልካም ሕጎች ናቸው፤ ዛሬም አልነቅፋቸውም። የተደበቅሁባቸው እኔ ነኝ።

አጎታችን ዊልመር በነዚያ ዓመታት የመለኪያ ዱላዬንና ሣጥኔን ይዤ ባየኝ ቁጥር ከጀልባው ላይ ይጮህብኝ ነበር። "የውሃ ሐኪሟ መጣች! በሽተኛሽ እንዴት አደረ? ትኩሳቱ በረደለት?" ይለኛል። እኔም "ደኅና ነው፣ ጋሼ" እለዋለሁ። "ተይ! ሐኪም በአጭሩ ደኅና ነው ካለ ወራሾች ይሰብሰቡ" ብሎ ይስቃል። እኔም አብሬው እስቅ ነበር። ይህን የምጽፍልህ የሳቅሁትን ሳቅ ስላልረሳሁት ነው።

ዘንድሮ በጁን መጀመሪያ ለስምንት ቀናት የቀትር ሙቀቱ ከሃያ ዘጠኝ ዲግሪ አልወረደም። ቀጥሎ ሦስት ቀን ያላባራ ዝናብ ጣለ። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ዊልመር ከቢሮዬ ደጃፍ ቆመ። ባርኔጣውን አውልቆ ነበር። "ላቪና፣ ነይ። በሽተኛሽ እየፈሰሰ ነው" አለኝ። ሳቅ አልነበረበትም።

ስንደርስ መጀመሪያ የሰማነው ድምፁን ነው። በዚያ ሐይቅ ዳር ውሃ ድምፅ ኖሮት አያውቅም። በሰሜኑ ዳርቻ፣ መለኪያዬ በተቀበረበት አጠገብ፣ ዳርቻው ተሰንጥቆ ውሃው ወደ ወንዙ ይወርዳል። ያን ቀን ቦዩ በአንድ እርምጃ የሚዘለል ነበር። በማግስቱ ጀልባ ያሳልፍ ነበር። በሦስተኛው ቀን ቤታችንን ከነጣሪያው የሚውጥ ገደል ሆነ፤ ከግድግዳው ላይ የላም ጎን የሚያህል የበረዶ ቁራጭ እየተገነጠለ ይወድቅ ነበር። በረዶው ጥቁር ነው፤ ሽታው እንደ አሮጌ ጎተራ ነው። ለካስ ይህን ያህል ዘመን ቤት የሠራነው በዚህ ላይ ነበር። ዊልመር ትልቅ ግንድ አጋድሞ ቦዩን ሊደፍን ሞከረ። ውሃው ግንዱን እንደ ጭራሮ አነሣው። አጎታችን "እንግዲህ እኔን ናቀኝ" ብሎ ዳር ላይ ቁጭ አለ።

እንስሳቱ የሆኑትን በአጭሩ ልግለጽልህ፤ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ያለው ብዙ ነው፤ ሁሉንም መጻፍ ግን ለማንም አይጠቅምም። ነጫጮቹ ረጅም አንገት ወፎች በሐይቁ መሐል ካለችው ደሴት ላይ እንቁላል ታቅፈው ነበር፤ ውሃው ሲጎድል ደሴቲቱ ከየብስ ጋር ተገናኘች፤ ቀበሮዎች በሁለተኛው ቀን በእግራቸው ገቡ። ጥርሳሞቹ ዓሦች ከጭቃው ውስጥ ጀርባቸውን እያሳዩ ሁለት ቀን ሙሉ ተንፈራገጡ። ዝይዎቹ ከሁሉ ያሳዝናሉ። በጁላይ ላባቸውን ለመቀየር እንደ ልማዳቸው መጡ። ላባቸው ረግፎ መብረር ሲሳናቸው የሚጠብቃቸው ያ ሐይቅ ነበር። ዙሪያውን እየዞሩ ጮኹ፤ ግማሾቹ ሄዱ፤ ግማሾቹ ግን ከጭቃው ላይ አረፉ። ያረፉትን ቆጥሬአቸዋለሁ። በኦገስት መጨረሻ እንደገና ቆጠርኩ፤ ሁለተኛውን ቁጥር ባልጽፈው እመርጣለሁ።

ቢቨሮቹ በእግራቸው ተሰደዱ። አንደኛው፣ ያ ጆሮው የተቀደደው ትልቁ ይመስለኛል፣ በመንደራችን የአውሮፕላን ማረፊያ መሐል ለመሐል ጭራውን እየጎተተ ሲያዘግም የፖስታው አውሮፕላን ከሰማይ ሦስት ጊዜ ዞሮ ጠበቀው። ሰው ሁሉ ወጥቶ አየ። ዊልመር እንኳ የቻለውን ቀለደ፦ "አትሳቁ፤ መንገደኛ ነው። ትኬት ቆርጦ እንደሆነ ጠይቁት" አለ። ሰዉ ሳቀ። እናታችን ግን ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ቤት ገባች። ያን ዕለት "ወደ ሐይቁ ውሰዱኝ" አለችን።

አስቀድሜ ልወስዳት ያልፈለግሁበትን ምክንያት አንተ ሳልነግርህ ታውቀዋለህ። አባታችንና አያታችን፣ እናታችንም ጉልበቷ እስኪከዳት ድረስ፣ የተበላውን የእያንዳንዱን ቢቨር አጥንት ጠርገው፣ ውሻ ሳይነካው፣ በጥድ ከተሸፈነው አፍንጫ፣ ወደ ሐይቁ ከሚገባው የመሬት ሹል፣ ፊት ለፊት በበረዶው ላይ ቀዳዳ ቆርጠው "ተመለስ፤ ውሃው መልሶ ይሥራህ" እያሉ ወደ ሐይቁ ያወርዱት ነበር። የስድሳ ዓመት አጥንት፣ ምናልባትም ከዚያ የሚበልጥ፣ በአንድ ሥፍራ ተቀምጦ ነበር። ባለፉት ሁለት ክረምቶች የወረደውን ያወረድሁት እኔ ነኝ። የሙቀት መለኪያውን እያወቅሁ፣ ቀዳዳውን ቆርጬ፣ ቃሉን ብዬ ለቀቅሁት። የፈጸምኩት ስህተት ይህ ነው። ሌላ ሕዝብ ዘንድ ምናልባት ስህተት ተብሎ አይጠራም ይሆናል፤ እኛ ዘንድ ግን አደራ የተሰጠን እንግዳ ሊፈርስ በተቃረበ ቤት እንደማሳደር ነው።

ከአፍንጫው ላይ ስንወጣ ከሩቅ ነጭ ነገር አየን። እናታችን ፊቷ በራ። "ይኸው፣ አርፈዋል! አላልኳችሁም?" አለች። ዝይ መስሏት ነው። ዊልመር እኔን አየኝ፤ እኔ መሬት አየሁ። እሷም ቀረብ ብላ አጥንቶቹ መሆናቸውን አወቀች። ቁራዎች ላዩ ላይ ነበሩ። አንድ ቀበሮ የመንጋጋ አጥንት ይዛ ሄደች። ከሁሉ የከፋው፣ ያሰርነው የመሰለን የዊልመር ውሻ ዳር ዳሩን ተከትሎን ኖሮ ከመካከላችን ሮጦ ገባና አንድ አጥንት አነሣ። ዊልመር የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነው። እስከ ጭኑ እየሰመጠ ሮጠ፤ ወደቀ፤ ውሻውን አንገቱን ይዞ አጥንቱን ከጥርሱ ፈልቅቆ አወጣ። ከዚያም እዚያው ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ አጥንቱን በሸሚዙ እየጠረገ "ይቅር በለን፣ ይቅር በለን" ይለው ነበር። በሕይወቴ ሲቀልድ ብቻ ያየሁት ሰው ነው።

ለዘጠኝ ቀናት ለቀምን። ጭቃው ሰው ስለሚውጥ ሳንቃና የአኻያ ርብራብ አነጠፍን። እኔ እንደተማርኩት ሥፍራውን በገመድ ካሬ ካሬ ከፋፍዬ፣ የየካሬውን አጥንት ለየብቻ በከረጢት እያኖርኩና ጽሑፍ እየለጠፍኩበት ጀመርኩ። በሁለተኛው ቀን እናታችን ከሳንቃው ላይ ቆማ ተመለከተችኝና "ልጄ፣ ዘመዶችሽን ነው የምትቆጥሪው?" አለችኝ። ገመዱን ጠቀለልኩት። ከዚያ በኋላ እንደ ማንም ሰው በእጄ ለቀምኩ።

ያንተን ያገኘሁት በአምስተኛው ቀን ነው። የመጀመሪያ ቢቨርህን አጥንት ሰብስበህ፣ ከእናታችን የጓንት ክር ቀዩን ቆርጠህ በአንድነት አስረህ ነበር፤ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርክ። ያንተ መሆኑን በምን አወቅሽ ብትለኝ፣ በቋጠሮው ነው። የግራ እጅ ቋጠሮ ነው፤ በቤታችን ግራኝ አንተ ብቻ ነህ። ጭቃው ሠላሳ አንድ ዓመት አየር ስለከለከለው ክሩ ትናንት እንደተገዛ ቀይ ነበር። ለእናታችን ሰጠኋት። አገላብጣ አየችውና ልብሷ ውስጥ ከደረቷ ላይ አኖረችው።

አጥንቱን ሰብስበን ስናበቃ ወዴት ይሂድ የሚለው ቀረ። ዊልመር "ወንዝ አለ አይደለም እንዴ? ወንዝ ውስጥ እንልቀቀው" አለ። እናታችን አልተቀበለችውም። "ወንዝ መንገድ ነው፤ ቤት አይደለም። የሐይቅ ልጅ መንገድ ላይ አይጣልም" አለችው። ከዚያም ወደ እኔ ዞረች። በዕድሜዬ ጠይቃኝ የማታውቀውን ጠየቀችኝ። "ላቪና፣ አንቺ ነሽ የምትለኪው። የትኛው ሐይቅ ነው የሚቀረው? እሱን ንገሪኝና ወደዚያ እንውሰዳቸው" አለችኝ።

ስለ ነገ መናገርን ሕይወቷን ሙሉ የከለከለች ሴት ይህን ጠየቀችኝ። ጊዜ ስጪኝ ብዬ በጁላይና በኦገስት መሥሪያ ቤቱ የማይጠይቀኝን ሥራ ሠራሁ። በጀልባና በእግር የሚደረስባቸውን አሥራ አንድ ሐይቆች ዞርኩ። የዳርቻውን መሬት ወግቼ ሙቀቱን አነበብኩ። ሦስቱ ከዘንድሮው በፊት ግማሽ ያህል ጎድለዋል። አምስቱ ሐይቃችን ከሦስት ዓመት በፊት የነበረበት ላይ ናቸው። የቀሩት ሦስቱ ለጊዜው ይሻላሉ፤ ከነሱ ሁለቱ ግን የቆሙበት ጥድ ደን ባለፈው ዓመት በመብረቅ ተቃጥሏል፤ ጥላው ከሄደ በረዶውም ይከተላል። አንዱ ቀረ። በእሱም ላይ ያለኝ የአንድ በጋ ንባብ ብቻ ነው። ለእናቴ "ይህኛው ይቀራል" ለማለት የሚበቃ ነገር አልነበረኝም፤ "የትኛውም አይቀርም" ለማለትም እንዲሁ። እንደ ልማዴ "አላውቅም" አልኳት።

እሷም፣ "ስለ ዝይ ማረፊያም አታውቂም ነበር?" አለችኝ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት፤ መለኪያውን፣ ዓመቱን፣ ለአንተ የጻፍኩትንም። "አንቺ ዝም በይ ትይኝ ነበር" አልኳት፤ ምነው ባላልኩት ኖሮ እላለሁ። እናታችን ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ዝም በይ ያልኩሽ መሬት እንዳትሰማ ነው እንጂ እኔ እንዳልሰማ ነው እንዴ?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር አንሥታው አታውቅም።

አጥንቶቹ አሁን ቤታችን ውስጥ ናቸው። አባታችን ቆዳ ይዘፈዝፍበት የነበረውን የቆርቆሮ ገንዳ እናታችን ከምድጃው ራቅ አድርጋ በማዕዘኑ አስቀመጠችው፤ ያለ ውሃ እንዳይቀሩ ከወንዙ ታስቀዳለች። ሁሉም ባንዴ ስለማይገቡበት ከረጢት ከረጢቱን በተራ ትዘፈዝፋለች፤ አንዱ ለሳምንት ውሃ ውስጥ ይቆያል፣ ሌሎቹ ከዕቃ ጎጆው ይጠብቃሉ። ውሃው በየጠዋቱ ይቀየራል። ያንተ ግን ተራ የለውም፤ ሁልጊዜ ገንዳው ውስጥ ነው። ዊልመር ሲመጣ ጫማውን ደጅ ያወልቃል፤ በገንዳው በኩል ሲያልፍም አይቀልድም።

አሁን ከባዱን ልጻፍ። እናታችን ያንተን መምጣት ትጠብቃለች። ጎረቤት ሲጠይቃት "ኦርቪል ሲመጣ ውሃ ያገኝላቸዋል፤ እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ከበረዶ ሥር ያለ ውሃ ይሰማል" ትላለች። ስለ ሐይቁ እንዳልጽፍልህ የከለከለችኝም ለዚህ ነው፤ ብታውቅ የምትቀር መስሏታል። እኔ ደግሞ እንድትቀር እየለመንኩህ ነው። ይህን ሳልደብቅ መጻፌ ከዚህ በፊት የደበቅሁትን አይክስም፤ ቢሆንም ሁለት ጊዜ ባሳስትህ ይብሳል።

ጠቅልለህ የምትገባበት ኑሮ እዚህ አላየሁም፤ ብዙ ፈልጌ ነው ያላየሁት። ሳልሞን ዘንድሮም ወደ ላይ አልወጣም፤ ዓሣ ማጨሻው ቤታችን ከተዘጋ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። የውሃ አይጦቹ ወጥመድ ከግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ነው። ታላቁ አጋዘን ወደ ተራራው ርቋል። ዛሬ ኖቬምበር 9 ነው፤ ወንዙ ግን ገና በበረዶ አልተጋጠመም፤ ትናንት የወረደውም በረዶ አይደለም፣ ዝናብ ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰዎች በሳሳው የዳር በረዶ ላይ የበረዶ ሞተራቸውን ነድተው ሰጥመው አንዱ ብቻ ወጣ። ጁኒ የመጀመሪያ ቢቨሯን የምትይዝበትን ሥፍራ ጠቁሚኝ ብትለኝ ጣቴን የማነሣበት አቅጣጫ የለኝም። መምጣትህን አልከለክልም፤ እናታችንን ለማየት ና። ለመኖር ግን አትምጣ። ለእሷ የምትጽፈውን መልስ፣ ምንም ቢሆን፣ አንድም ዐረፍተ ነገር ሳልዘል አነብላታለሁ።

ማርሲን ከልቤ ሰላም በልልኝ፤ ሳሏን በቸልታ እንዳታልፈው። ጁኒን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ አያቷ በጥንቸል ፀጉር የከፈፈችውን ጓንት በሚቀጥለው አውሮፕላን እልክላታለሁ፤ መጠኑን የሰፋችው በግምት ነው። አብረውህ የሚሠሩትን፣ ባለፈው ክረምት ያስታመሙህን ጎረቤቶችህንም አመስግንልኝ። አጎታችን ዊልመር "ያ ግራኝ ጨርሶ ሳይረሳኝ ይጻፍልኝ" ብሎሃል። እናታችን ይህን ስጽፍ "ለኦርቪል ነው?" ብላ ጠየቀችኝ፤ "አዎ" አልኳት። "ቶሎ ና በይው" አለችኝ። የነገረችኝን እንደነገረችኝ አድርሼሃለሁ።

የዛሬውን የገንዳ ውሃ የቀየርኩት እኔ ነኝ፤ ጉልበቷ አላስነሣ አላት። ቀዩ ክር ከጭቃው ከወጣ ጀምሮ ቀለሙን እየለቀቀ ነው። ውሃው ደጅ ሲደፋ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀይ ነበር፣ ከዚያ ፈዛዛ ሆነ፣ ዛሬ ጠዋት ቀላ ማለቱን ለማየት ባልዲውን ወደ ብርሃን ማዘንበል ነበረብኝ። ለእናታችን አልነገርኳትም። በየጠዋቱ ከእኔ ቀድማ ስትነሣ ባልዲውን ወደ ብርሃን እንደምታዘነብለው ግን አይቻለሁ።

እህትህ ላቪና

ሁልካኬት፣ ከኮዩኩክ ወንዝ ዳር
እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 2019